ሰነፍ ያስባለኝ እንቅልፍ

ማንኮራፋት የጥጋብና የምቾት ምልክት ይመስላችሁ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ቤታችሁ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኮራፋ፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ የሚያንቀላፋ ሰው ካለማ በሰውየው ከመሳቃችሁ በፊት አንብቡት። እኔ ላይ ብዙ ተስቋል። ብዙ ተመክሬያለሁ፣ የማያስፈልገኝን ኪኒንም በብዛት ውጫለሁ። አሁን ተሽሎኛል። ንዴቴ ግን ገና አልወጣልኝም፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ድምፄ ከፍ ቢል ታገሡኝ።

ስሜ ቢንያም ነው። የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። ቀራንዮ ሰፈር ውስጥ ከእናቴ ጋር በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት እኖራለሁ። የእኔንና የእሷን አልጋ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ይህ ኮምፔርሳቶ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ሕመሙ ሕመም መስሎ አልመጣም፣ ድካም መስሎ ነው የመጣው። ጠዋት ስነሳ ጠባብ ባርኔጣ በግድ ያጠለቁብኝ ያህል ራሴን ያመኛል። አፌ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። በጊዜ ተኝቼ አርፍጄ ብነሳም ከመተኛቴ በፊት ከነበርኩት የባሰ ደክሜ እነሳለሁ። ወደ ትምህርት ቤት የምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ገና ከመቀመጤ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስንት ጊዜ ፌርማታዬን አልፌ እንደሄድኩ አልነግራችሁም። አንድ ቀን ታክሲው መጨረሻው ደርሶ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ረዳቱ ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

"ብሮ፣ መጨረሻ ነው! እዚሁ ልታድር ከሆነ ኪራይ ክፈል!"

ሾፌሩ ሳቀ። እኔም ለይሉኝታ ሳቅሁና በሌላ ታክሲ ተመለስኩ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን አምልጦኝ ነበር።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የአማርኛ መምህሯ ሰላማዊት ስሜን ቀይራ "ብርድ ልብስ" ትለኝ ጀመር። "ብርድ ልብስ፣ ሌሊት ምን ስትሠራ ነው የምታድረው? ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ!" ትለኛለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ቀልዱ ሁሉንም ስለሚያስቅ ትደጋግመዋለች። እኔም እንቅልፌን በሥርዓት እተኛለሁ ብዬ ማስረዳት እጀምራለሁ፤ ሳልጨርሰው ያዛጋኛል፤ እንደገና ይስቃሉ።

ሳቁ የቆመው የፈተና ቀን ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጆቼን ሞዴል ፈተና ላይ አስቀምጬ እየተቆጣጠርኩ ነበር። እነዚህን ልጆች ከሰባተኛ ጀምሬ ነው ያስተማርኳቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሪ ይቀመጣሉ። ወንበሩ ላይ ለአፍታ አረፍ አልኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የታፈነ ሳቅና የወረቀት መንሿሿት ነው። ዓይኔን ስገልጥ ፈተናው ከዴስክ ወደ ዴስክ ይዞራል፣ ርዕሰ መምህራችን አቶ ደረጀ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል።

"መምህር ቢንያም፣ እንደምን አደርክ?" አለኝ በተማሪዎቼ ፊት።

ቢሮው ውስጥ ያለኝ ግን ከዚያ የከበደ ነበር። "ወጣት ነህ፣ ጤነኛ ነህ። ይሄ ስንፍና ነው። አንድ ጊዜ ደግመህ ክፍል ውስጥ ብትተኛ ስምንተኛን ለሌላ መምህር እሰጣለሁ። አንተን ንብረት ክፍል አደርግሃለሁ፤ እዚያ ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር ትተኛለህ።"

ልብ በሉ፣ የደመወዝ ጉዳይ አልነበረም። ንብረት ክፍልም ቢሆን ደመወዝ ይከፈላል። ልጆቹን ግን ሚኒስትሪ ሊደርሱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ሊቀማኝ ነው። ሐኪም ቤት መሄድ የጀመርኩት ያን ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰዱና ታይፎይድ አለብህ አሉኝ። በእኛ ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው አላውቅም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ እንቅልፉ አልለቀቀኝም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፤ በርበሬ ተውኩ፤ እንቅልፉ አልለቀቀኝም። ሦስተኛው ጋ ሐኪሙ የማንበቢያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና "ጭንቀት ነው። ስንት ዓመትህ ነው? ለምን አታገባም?" አለኝ። ማግባት በምን መንገድ የጠዋት ራስ ምታት እንደሚያሽል ጠየቅሁት። በቁም ነገር ነበር የጠየቅሁት። ቀጣዩን ታካሚ ጠራ።

አንዳቸውም ሌሊት ምን እንደምሆን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም አላውቀውም ነበር፤ ተኝቻለሁና። የምታውቀው ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ያለችው እናቴ ነበረች። እሷ ደግሞ ምርመራዋን ከሁሉም ቀድማ ጨርሳለች።

"ዱካክ ነው" አለችኝ። ደረት ላይ ተቀምጦ የተኛን ሰው ያፍናል የሚባለውን ማለቷ ነው። "ታንኮራፋለህ፣ ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ጸጥ! ከዚያ እንደ ሰመጠ ሰው ትጮሃለህ። እኔ ልብሴን ለብሼ እስክመጣ መልሰህ ታንኮራፋለህ። ዱካክ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?"

ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ጠበል ወሰደችኝ። ቅር ሳይለኝ ሄድኩ፤ ተጠመቅሁም። ልቤ ይረጋጋል፣ ብርዱም ያነቃኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ቁጭ ባልኩበት አንቀላፋለሁ። እናቴ አትቸኩል ትለኛለች። እኔ የቸኮልኩት ስለ አቶ ደረጀ ነበር።

በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ገና ሳይነጋ ወጥቼ ተራ ያዝኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ተኛሁ። ስሜ ተጠርቶ አለፈ። ካርዴ ወደ መጨረሻ ሄደ። በሽታው ራሱ ለበሽታው የያዝኩትን ተራ በላብኝ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማልቀስ አምሮኝ አያውቅም።

መልሼ ተቀመጥኩ፤ መልሼም ተኛሁ። በዚህኛው ያነቃኝ ግን የሰው ጩኸት ነው። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ጆሯቸውን በጥጥ የደፈኑ እናት ክንዴን ጨምድደው ይዘውኛል።

"አንተ ልጅ! አንተ ልጅ! ኧረ ትንፋሽህ ጠፋብኝ!"

"ተኝቼ ነው እማማ፣ ይቅርታ።"

"የምን መተኛት! ሞተህ ነበር እንጂ!"

ስሜ ሲጠራ አብረውኝ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። ሐኪሙ "እናቱ ነዎት?" ሲላቸው "አላውቀውም" አሉት። "ግን ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ሲተኛ ይሞታል። ከዚያ ይነሳል። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ደግሞ ደጋግሞ ነው።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ሦስት ክሊኒክ ያልጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቀኝ። "ሌሊት ስትተኛ የሚሰማህ ሰው አለ?" እናቴ ያለችውን ሁሉ፣ ዱካኩን ሳይቀር ነገርኩት። አልሳቀም። አፌን አስከፍቶ ጉሮሮዬን አየ፣ አገጬን ከጎን ሆኖ ተመለከተና እንቅልፍ ወደሚመረመርበት የግል ማዕከል ላከኝ። የሴትየዋን ስም ሳልጠይቅ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማዕከሉ ውስጥ ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ፣ ራሴ ላይ ሽቦ ተደርጎልኝ ተኛሁ። ውጤቱ "እንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ" የሚባል ሕመም፣ ያውም ከባዱ ዓይነት ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምር። ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻ ይላላል። አንዳንድ ሰው ላይ ከመጠን በላይ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ስስ ፌስታል አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አየር ወደ ውስጥ ብትስቡ ፌስታሉ ይጣበቅና አየሩ ይቆማል፤ እንደዚያ ማለት ነው። (ተማሪዎቼ ይህን ካነበባችሁ ቤት እንዳትሞክሩት!) ትንፋሽ ሲቆም አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል። ሰውየው ያንኑ እያደረገ ያድራል፤ ጠዋት ግን አያስታውሰውም። እሱ ተኝቼ አደርኩ ይላል፤ አካሉ ሲታገል ነው ያደረው። "ወፍራም ሰው ላይ ይበዛል" አለኝ የላከኝ ሐኪም ውጤቱን ሳሳየው። "ግን ቀጭን ነኝ ብለህ አታመልጠውም። የአንተ አገጭ ወደ ኋላ ገባ ያለ ነው፤ መንገዱ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው።"

ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። መጠኑ የዳቦ ያህል ነው፤ በጎማ ቱቦና በአፍንጫ ጭንብል በኩል አየር እየገፋ የጉሮሮው መንገድ ሳይዘጋ እንዲያድር ያደርጋል። ፌስታሉን ከመሳብ ይልቅ በቀስታ እየነፉ ክፍት ማቆየት ማለት ነው። ዋጋውን ስሰማ ተነስቼ ልሄድ ነበር። የመምህራን ዕቁባችን ላይ የዚያን ጊዜ ዕጣ የደረሳት ሰላማዊት ነበረች። "ውሰደው፣ ብርድ ልብስ" አለችኝ። "ሌሊት ተኛና ቀን እንሳቅብህ፤ አሁን አዝነን መሳቅ አቃተን።" ስሜን ግን አልመለሰችልኝም።

ማዕከሉ ውስጥ መሣሪያውን የምታለማምደው ነርስ ሲስተር ሐና ናት። ሁሉንም በትዕግሥት አሳየችኝ። ጭንብሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ በየቀኑ እንዴት እንደሚታጠብ፣ አየሩ ጉሮሮዬን እንዳያደርቀው ውሃ የሚሞላበት ትንሽ ማጠራቀሚያ እንዳለው ነገረችኝ። "ዲስቲልድ ውሃ ብቻ!" አለችኝ። ምንም ማዕድን የሌለው፣ ተንኖ የተጣራ ውሃ ማለት ነው። መነሻ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ከራሷ ሰጠችኝ።

እናቴ መሣሪያውን አየችው፤ ጭንብሉን ሳጠልቀው እኔንም አየችኝ።

"አይሮፕላን ልታበር ነው?"

"ለእንቅልፍ ነው እማዬ።"

"ይሄን ለብሶ ማን ይተኛል?"

እውነቷን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ማንም አልተኛም። ጭንብሉ ሲጠብቅ አፍንጫዬን ይሸነትረዋል፣ ሲላላ አየሩ ወደ ዓይኔ ይነፍሳል። አየር ወደ ሆዴ እየገባ ያገሳኛል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆምና ታፍኜ እነቃለሁ፤ ጭንብሉን ገፍፌ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ማልቀስና መሳደብ ያምረኛል። ጠዋት ክፍል ስገባ አፍንጫዬ ላይ ቀይ መስመር አለ። "ቲቸር፣ ማን መታህ?" ይሉኛል። ሲስተር ሐና ቀን ላይ ነቅተህ ልመደው ስላለችኝ ከሰዓት በኋላ ጭንብሉን አጥልቄ የተማሪ ደብተር ማረም ጀመርኩ። ይህ ምክር ሠራ። ሰውነቴ ነገሩን እንደ ጠላት ማየቱን ቀስ በቀስ ተወ። የምታነቡኝ ጀማሪዎች ካላችሁ ይህን ሳትሞክሩ ተስፋ አትቁረጡ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሳሁ፤ ራሴን አላመመኝም። ዝም ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሕመሙ እስኪመጣ እየጠበቅሁ። አልመጣም። ታክሲ ውስጥ መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ፤ መንገዳችን ላይ ያን ሁሉ ሱቅ መቼ እንደከፈቱት አላውቅም። ፌርማታዬ ጋ ስደርስ "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ነበር የጮህኩት።

ይህ ደስታ የቆየው የሲስተር ሐና ጠርሙስ እስኪያልቅ ነው።

ዲስቲልድ ውሃ ፍለጋ ሰፈራችን ያሉትን ፋርማሲዎች ጠየቅሁ፤ የለም። ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የመኪና መለዋወጫ ቤት ግን ጄሪካን ሙሉ አገኘሁ። ጄሪካኑ ላይ የመኪና ባትሪ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ዲስቲልድ ውሃ ይላል። እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ውሃ ውሃ ነው፣ ማዕድን ከሌለው የለውም ብዬ ለራሴ አስረዳሁና ገዛሁ። ቤት ሳስገባው እናቴ ሥዕሉን በጣቷ ነካችው።

"ይሄ የመኪና ባትሪ አይደለም እንዴ?"

"ለማሽኑ ነው።"

"የባትሪ ውሃ? ይሄ ሥጋ የሚበላው?"

"አይደለም እማዬ፣ ሳይንስ ነው፣ አይገባሽም" ብዬ ወጣሁ። ለክፍል ዘግይቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነገሩ ሁሉ መበላሸት ጀመረ። መጀመሪያ ማሽኑ ያፏጫል። ቀጥሎ ከጭንብሉ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ሽታ መጣ። አፍንጫዬ ተደፈነ፣ ጉሮሮዬ ተላጠ፣ ሳል ያዘኝ። ጠዋት የውሃውን ማጠራቀሚያ ሳየው ሥሩ ላይ ግራጫ ዝቃጭ ተኝቷል። ማሽኑ ውስጡ እየተቃጠለ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማሽኑን የሸጠልኝ ሱቅ ደወልኩ፤ ሰውየው "ደንበኛ ካላጠበው እኛ ምን እናድርግ?" አለኝ። እኔን! ሥራ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ለጥፌ የምኖረውን! አጠብኩ። በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ በአቼቶ አጠብኩ። ማታ እንደ መስታወት አጽድቼ፣ ውሃውን ሞልቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ዝቃጩ ቦታው ላይ አለ። ማጣሪያውን ጠረጠርኩ፣ ቱቦውን ጠረጠርኩ፣ ሻጩን ጠረጠርኩ፣ የሰፈራችንን አቧራ ጠረጠርኩ። ያልጠረጠርኩት ውሃውን ብቻ ነበር።

ሳሉ ሲብስብኝ ማሽኑን አጥፍቼ መተኛት ጀመርኩ። ራስ ምታቱ ተመለሰ። እንቅልፉም ተመለሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሳንባን ሥዕል ጀምሬ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ቆሜ ነው ያንቀላፋሁት። አቶ ደረጀ በመስኮት በኩል ያልፍ ነበር።

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "የሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለ" አለኝ በረጋ ድምፅ። "ስምንተኛን አንተ ትቆጣጠራለህ። እኔ በየመሃሉ አያለሁ። ከተኛህ ጉዳዩ ያለቀ ነው።"

ማሽኑን ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ ለሲስተር ሐና ላሳያት ተነሳሁ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"እኔም እሄዳለሁ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"የምናገረው አለኝ።"

ማዕከሉ ስንደርስ ሲስተር ሐና ክፍሏ አስገባችን፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ፤ ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይታዩናል። ማጠራቀሚያውን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ጣቷን ወደ ውስጥ ከትታ ዝቃጩን አሸት አሸት አደረገችው።

"ቢንያም፣ ማሽኑ አጠገብ ከሰል ታነዳላችሁ?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ታዲያ ይሄ አመድ ከየት መጣ?"

"እሱን ነው እኮ ልጠይቅሽ የመጣሁት! ማሽኑ እየተቃጠለ ነው!"

"እኔ ልናገር" አለች እናቴ። ተነስታ ቆመች። "እናንተ ተምራችኋል፣ እኔ አልተማርኩም። ግን የመኪና ባትሪ ውሃ በልጄ አፍንጫ ስታስገቡ ዝም ብዬ አላይም!"

ሲስተር ሐና ግራ ገብቷት አየቻት። "የምን ባትሪ ውሃ ነው እናቴ?"

"እናንተ ያዘዛችሁት ነዋ!"

ሲስተር ሐና ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ቢንያም፣ ውሃውን ከየት ነው የገዛኸው?"

"ዲስቲልድ ውሃ ብሎ ተጽፎበታል።"

"ከየት?"

"ከመለዋወጫ ቤት።"

"ከመለዋወጫ ቤት!" አለች። ማጠራቀሚያውን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ እናቴ ተመለሰች። "እና እርስዎ ምን አደረጉ?"

"ደፋሁት። እሱ ሞልቶት ጥርሱን ሊቦርሽ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ ሲወጣ እደፋዋለሁ። ጠበል እሞላበታለሁ።" ትንሽ አመነታች። "እምነትም ጣል አደርግበታለሁ።"

እምነት የምንለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የተባረከ አመድ ነው። ግራጫ ነው።

"እማዬ!" ብዬ ጮህኩ። "በየሌሊቱ? እኔ በአቼቶ ሳጥብ እያየሽ?"

"ውሃ በአፍንጫህ መግባቱ ካልቀረ የተባረከው ይግባ ብዬ ነዋ! ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ባትሪ ሲያደርጉህ ልይ?"

ከበሩ ውጭ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፈነዳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ እጥበት፣ ልጆቼን ሊያሳጣኝ የደረሰው ያ ጠመኔ! ልናገራት አፌን ስከፍት ሲስተር ሐና እጇን አነሳች።

"አንተ ደግሞ አትቆጣ። እናትህ ባትሪውን መጠርጠራቸው ልክ ነው። ያ ውሃ ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሊተነፍሰው አይደለም። ጄሪካኑስ በፊት ምን ነበረበት? ታውቃለህ?" አላውቅም። "እርስዎም እናቴ፣ ጠበሉን ይጠጣው፣ ይጠመቅበት፤ እኔም እጠመቃለሁ። ይሄ ማሽን ግን ውሃውን እያሞቀ በእንፋሎት ወደ ሳንባው ይልከዋል። አመዱ ደግሞ ማሽኑን ይደፍነዋል፤ ጉሮሮውንም ያቆስለዋል። የሚያስለው በዚህ ነው።"

የእናቴ ፊት ጠቆረ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ የያዛት ድንጋጤ ወደ ቁጣ ተለወጠና ቁጣው እኔ ላይ አረፈ።

"ታዲያ ይሄን ለምን አልነገርከኝም? ስጠይቅህ 'አይገባሽም' አልከኝ እኮ! ለክፍል ሙሉ ልጅ የሚያስረዳ አፍ ለእናቱ ሲሆን ነው የሚሰንፈው?"

ሲስተር ሐና ከመሳቢያዋ ፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ። "በል፣ መምህር አይደለህ? አሁን አስተምራቸው።" እዚያው፣ ሰው በበሩ ክፍተት እያየን፣ ለእናቴ አስተማርኳት። ፌስታሉ ሲሳብ እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ሲነፋ እንዴት እንደሚከፈት፣ አገጬ እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉንም። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"እና የሚያፍነው የራሱ ጉሮሮ ነው" አለች በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ያፍነዋል አልኩ እኮ! ታይፎይድ ያልኩት እኔ ነኝ? አግባ ያልኩት እኔ ነኝ?"

ሲስተር ሐና እየሳቀች አዲስ ማጣሪያ ልታመጣ ወጣች።

ማጣሪያው ተቀየረ፣ ማጠራቀሚያው ተተካ፣ ለጉሮሮዬ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ውሃውን በተመለከተ ሲስተር ሐና ያለችኝን ለእናንተም አስተላልፋለሁ። ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ዲስቲልድ ውሃ ከፋርማሲ ግዙ፤ ካጣችሁ እስክታገኙ ድረስ ውሃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ተጠቀሙ፤ በየቀኑ ደፍታችሁ ቀይሩት። ከዚያ ደግሞ እኔ የምጨምረው አለኝ። አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው መሣሪያው ፊት አስቀምጡና ከእኔ በተሻለ ሁኔታ አስረዱት። ሌሊት የሚሰማችሁ እሱ ነው። ስትታፈኑ የሚፈራው እሱ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ የራሱን መላ ይፈልጋል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሌሊቶች ጭንብሉን ለብሼ፣ በንጹሕ ውሃ ነበር የተኛሁት። ልጆቼ መካከል እየተመላለስኩ ቆየሁ። ከዚያ ሆን ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያው ወንበር ነው። አቶ ደረጀ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየኝ፤ አየሁት። ሌላ ጊዜም አለፈ፤ እንደገና ተያየን። አንድም ወረቀት ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። አንድም ጊዜ ዓይኔ አልከበደኝም።

የመጨረሻውን መልስ ወረቀት ሰብስቤ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ስምንተኛን ይዘህ ቀጥል አለኝ። እፎይ ልል ስል ጀርባዬን መታ መታ አደረገና ጨመረ፦

"አየህ መምህር ቢንያም፣ ሰው ከፈለገ ይችላል። ድሮም የፍላጎት ጉዳይ ነበር።"

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ፌስታሉን፣ አገጩን፣ አመዱን፣ ሁሉንም። እሱ ግን ሄዷል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሕመሙ ይልቅ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር አናደደኝ። በሽታ ሲይዘኝ ሰነፍ ተባልኩ፤ ስድን ደግሞ መዳኔ ሰነፍ ለመሆኔ ማስረጃ ሆነ! ታክሲ ውስጥ ተናድጄ፣ ነቅቼ፣ ፌርማታዬ ላይ ወረድኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ከፋርማሲ የገዛነውን ጠርሙስ ይዛ ማሽኑ አጠገብ ቆማለች። ማጠራቀሚያውን የምትሞላው አሁን እሷ ናት፤ ለሌላ ሰው አታስነካም። ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት ጠርሙሱ ላይ በጣቷ መስቀል ታማትባለች። ይህንን ማንም አልከለከላትም። አቶ ደረጀ ያለኝን ነገርኳት። ውሃውን ምልክቱ ድረስ ሞልታ፣ ማጠራቀሚያውን ቦታው አስገብታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"ንገረዋ" አለችኝ።

"ምን ብዬ? አይሰማኝም እኮ።"

"ታዲያ ጻፈው። ሰነፍ አልነበርኩም፣ እየታነቅኩ ነበር በለው።"

ይኸው፣ አልኩት።